በሽፋኑ ላይ የሚያልቅ መጽሐፍ

ደራሲ መጽሐፉን አሳትሞ ለሕዝብ ባቀረበ ጊዜ ከአንባቢው ጋራ ውል ተዋውሏል ማለት ነው። አንባቢው ገንዘቡን ይከፍላል፤ ከገንዘብም የሚበልጠውን የማታ ዕረፍቱን ይሰጣል፤ ደራሲውም በበኩሉ አንባቢው ብቻውን ሊደርስበት ከማይችለው ስፍራ ሊያደርሰው ግዴታ ይገባል። ይህ ውል በወረቀት ያልሰፈረ፣ በዳኛም ፊት የማያስከስስ ስለ ሆነ ብቻ እንደ ቀላል ነገር ሊቈጠር አይገባውም። ምስክርና ማኅተም የሌለው ውል የሚጸናው በተዋዋዮቹ ክብር ብቻ ስለ ሆነ፣ እርሱን ማፍረስ ነውሩ የበለጠ ነው እንላለን።

ዛሬ ብዕራችንን ያነሣነው ይህን ውል ስለሚያፈርስ አንድ ዓይነት ድርሰት ለመናገር ነው። ይኸውም ሐኪም ቤትን መድረክ፣ ሐኪምን ወንጀለኛ፣ ሕመምተኛን ተበዳይ አድርጎ የሚያቀርበው፣ በተለይም የመካንነትን ኀዘንና የጉዲፈቻን ጉዳይ ማስፈራሪያ የሚያደርገው ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለድ ነው። አንባቢው እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ገዝቶ ገና ሠላሳ ገጽ ሳያልፍ ማን ምን እንዳደረገ ያውቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀጥለው ያወቀውን ነገር ደራሲው እስኪደርስበት ድረስ ለመጠበቅ ብቻ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ ከመነሻው እንጀምር። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

በዚህ ዓይነት ድርሰት ስሙ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው አሜሪካዊው የዓይን ሐኪም ሮቢን ኩክ ነው። በ1977 ያሳተመው «ኮማ» የተባለው መጽሐፍ፣ በቦስተን ከተማ በሚገኝ ሆስፒታል ለቀላል ቀዶ ሕክምና የገቡ ሰዎች ወደማይነቁበት እንቅልፍ እየወደቁ የአካል ክፍሎቻቸው ለሽያጭ እንደሚቀርቡ የሚተርክ ነበር። በማግሥቱ ዓመት በ1978 ማይክል ክራይተን ወደ ፊልም መለሰው። በጊዜው አዲስ ነገር ነበርና አንባቢው ቢደነቅ አያስወቅሰውም። ደራሲው ራሱ እንደ ተናገረው፣ ያን መጽሐፍ ከመጻፉ በፊት እጅግ የተሸጡትን ልብ ወለዶች አንብቦ፣ የአንባቢው ልብ የሚንጠለጠልበትን ዘዴ በካርድ ላይ እየመዘገበ አጥንቷል። ተግቶ መማሩን እናመሰግናለን። ዳሩ ግን ለመጀመሪያው መጽሐፍ አገልጋይ የነበረው ካርድ ለኋለኞቹ ጌታ ሆነባቸው።

ለዚህም ምስክር የሚሆነን በ1991 ያሳተመው «ቫይታል ሳይንስ»፣ በአማርኛ «የሕይወት ምልክቶች» ልንለው የምንችለው መጽሐፍ ነው። ባለታሪኳ ማሪሳ ብሉመንታል የሕፃናት ሐኪም ናት፤ ቀደም ሲል በ1987 በወጣው «አውትብሬክ» በተባለው መጽሐፍ ከኢቦላ ጋራ ስትታገል አንባቢው ያውቃታል። አሁን ደግሞ ልጅ መውለድ አቅቷት ከአንድ የሴቶች ክሊኒክ ትመላለሳለች። ችግሩ የእንቍላል መተላለፊያ ቧንቧዎቿ መደፈናቸው ነው፤ የመደፈናቸውም ምክንያት የነቀርሳ በሽታ ሆኖ ይገኛል። እንደ እርሷ ያሉ ሌሎች ሴቶችም መኖራቸውን ስትሰማ መመርመር ትጀምራለች፤ ከቦስተን ወደ አውስትራልያ፣ ከዚያም ወደ ሆንግ ኮንግ ትጓዛለች፤ ጓደኛዋ ባሕር ላይ ትሞታለች፤ ገዳዮች ይከተሏታል። በመጨረሻም ምሥጢሩ ይገለጣል፤ ከማሕፀን ውጭ የሚደረገውን የጽንስ ሕክምና በውድ ዋጋ ለመሸጥ ሲሉ ሴቶቹን በስውር መካን ያደረጉት የክሊኒኩ ሰዎች ራሳቸው ናቸው።

እንግዲህ ውድ አንባብያን ልብ በሉ። ሐኪም ቤቱ በመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ እጅግ ንጹሕ፣ እጅግ የተዋበ፣ ሠራተኛውም እጅግ ትሑት ሆኖ ሲታይ፣ በልብ ወለድ ጥቂት ልምድ ያለው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ እንኳ «ወንጀለኛው ይህ ቤት ነው» ሳይል አይቀርም። ባለታሪኳን የሚያምናት ሲጠፋ ትክክለኛዋ እርሷ መሆኗን እናውቃለን። ምሥጢር አግኝቻለሁና ነገ እንገናኝ የሚል ሰው በተነሣ ጊዜ ነገን እንደማያይ እናውቃለን። ከዚህ ወዲህ የተጻፉት የእርሱ ቢጤዎችም ከዚሁ መንገድ ብዙም አልወጡም፤ ክሊኒኩ በጉዲፈቻ ድርጅት ይተካል፤ የተሰረቀው እንቍላል በተሰረቀ ሕፃን ይለወጣል፤ ደግ መስላ የቀረበችው ነርስ ሕፃኑን የሸጠችው እርሷ ሆና ትገኛለች። ልብሱ ተለወጠ እንጂ ለባሹ ያው ነው።

ምናልባት አንዳንድ ሰው «ፍጻሜው አስቀድሞ መታወቁ ይህን ያህል በደል ነውን?» ብሎ ይጠይቀን ይሆናል። እኛም በደሉ እርሱ ብቻ አይደለም ብለን እንመልሳለን። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት ሶፎክልስ የጻፈውን የኤዲፐስን ታሪክ እንመልከት። ልጅ ያልነበራቸው የቆሮንቶስ ንጉሥና ንግሥት የተጣለ ሕፃን ተቀብለው እንደ አብራካቸው ክፋይ ያሳድጋሉ፤ ልጁም አድጎ ንጉሥ ከሆነ በኋላ የአንድ ግድያ ወንጀለኛ ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ምርመራ ይጀምራል። መካንነትም፣ ጉዲፈቻም፣ ምርመራም በአንድ ላይ አሉ። ተመልካቹም የአቴና ሕዝብ ተረቱን ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሰማው ነበርና ወንጀለኛው ማን እንደ ሆነ ገና ከቤቱ ሳይወጣ ያውቅ ነበር። ሆኖም ሁለት ሺህ አራት መቶ ዓመት ያህል አልፎ እስከ ዛሬ ድረስ ይታያል፤ ይነበባልም። ለምን ቢሉ፣ ወንጀለኛው ከታወቀ በኋላ የሚቀረው ነገር ከታወቀው ስለሚበልጥ ነው። የሰውየው ኀፍረት፣ የአሳዳጊዎቹ ፍቅር፣ እውነትን የመፈለግ ዋጋ ገና አልተነገረም። እኛ በምንነቅፈው ድርሰት ግን ወንጀለኛው ከታወቀ በኋላ የሚቀር ነገር የለም። ወንጀለኛው ደግሞ በሽፋኑ ሥዕል ላይ ጭምብል አድርጎ መርፌ ይዞ ቆሟል። ስለዚህ መጽሐፉ የሚያልቀው በሽፋኑ ላይ ነው።

ከዚህ የከበደው ሁለተኛው ክሳችን ነው። እንዲህ ያለው ድርሰት ማን አደረገባት ብሎ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ ግን አዲስ አይደለም፤ በየመንደራችን ልጅ ያልወለደች ሴት በየዕለቱ የምትሰማው ጥያቄ ነው። ዓይነ ጥላ ተጣላት፣ እናቷ ረገመቻት፣ በልጅነቷ አንድ ነገር አድርጋ ይሆናል ይሏታል። ያልወለደ አንጀት ጨካኝ ነው የሚል ተረትም ፊት ለፊቷ ይተረትባታል። መካንነት የአካል ችግር መሆኑ ቀርቶ የወንጀል ወይም የእርግማን ፍሬ ሆኖ ይቈጠራል። በዘመናዊ ሐኪም ቤት፣ በአውሮፕላንና በማይክሮስኮፕ ያጌጠው ልብ ወለድም ያንኑ ሐሜት መልሶ ይነግረናል፤ ልዩነቱ ቡዳው ነጭ ካፖርት መልበሱ ብቻ ነው።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ በምድር ላይ ካሉት ለመውለድ ዕድሜ ከደረሱ ሰዎች መካከል ከስድስቱ አንዱ ያህል በሕይወቱ ዘመን የመካንነት ችግር ያጋጥመዋል። ይህ ቍጥር በባለጠጎቹም በድሆቹም አገሮች እምብዛም ልዩነት የለውም። ምክንያቱም ብዙ ነው፤ ያልታከመ የአባለ ዘር በሽታ፣ ከወሊድ ወይም ከውርጃ በኋላ የሚመጣ መመረዝ፣ የሆርሞን መዛባት፣ የዕድሜ መግፋት ይገኙበታል። ነቀርሳም ከሳንባ ተነሥቶ ወደ ማሕፀን ቧንቧ ደርሶ ሊደፍነው መቻሉ እውነት ነው፤ እርሱም ነቀርሳ በበዛባቸው እንደ እኛ ባሉ አገሮች ያለ ማንም ሤራ በዝምታ የሚደርስ ነው። ከሁሉም በላይ መታወቅ ያለበት፣ ከመካንነት ጉዳዮች በግማሽ ያህሉ የወንዱም ድርሻ ያለበት መሆኑ ነው። ነገር ግን ይህን ሁሉ ልብ ወለድ አንባቢ ሆነን ስንፈትሽ፣ ለምርመራ ለመቅረብ አሻፈረኝ ያለውን ባል በዋናው የታሪክ መንገድ ላይ ስንት ጊዜ አገኘነው? ገዳይ ከሆንግ ኮንግ ድረስ ይመጣል፤ ባልየው ግን ከሳሎኑ ተነሥቶ እስከ ላቦራቶሪ ድረስ አይሄድም። ይህ እውነተኛ ሤራ ነው፤ ደራስያኑ ግን አላዩትም።

እውነተኛውን ታሪክ ቢመረምሩት ኖሮ ከፈጠራቸው ይልቅ ልብ የሚያንጠለጥል ሆኖ ባገኙት ነበር። ከማሕፀን ውጭ ተጸንሳ የተወለደችው የመጀመሪያዪቱ ሕፃን ልዊዝ ብራውን በእንግሊዝ አገር በኦልደም ከተማ ሐምሌ ወር 1978 ተወለደች። እናቷ ቧንቧዎቿ ተደፍነው ዘጠኝ ዓመት ያህል ልጅ ስትጠብቅ የኖረች ሴት ነበረች። ሮበርት ኤድዋርድስና ፓትሪክ ስቴፕቶ ለዚህ ቀን የደረሱት ከመቶ በላይ ከሆነ ያልተሳካ ሙከራ በኋላ ነው። የአገራቸው የሕክምና ምርምር ጉባኤ በ1971 ገንዘብ ከለከላቸው፤ የሃይማኖት ሰዎችና ባልደረቦቻቸው ሳይቀሩ ነቀፏቸው። ሦስተኛዋ አጋራቸው ጂን ፐርዲ፣ በላቦራቶሪው ውስጥ ጽንሱን ስትከታተል የኖረችው ነርስ፣ በ1985 ገና በወጣትነቷ ሞተች፤ ለብዙ ዘመንም ስሟ ከመታሰቢያው ጽሑፍ ላይ አልነበረም። ኤድዋርድስ በ2010 የኖቤል ሽልማት ሲሰጠው ሁለቱ ባልደረቦቹ በሕይወት አልነበሩም። እነዚያ መቶ ጊዜ ተስፋ አድርገው መቶ ጊዜ ባዶ እጃቸውን ወደ ቤታቸው የተመለሱ ሴቶች ምን አሉ? በሩን ከፍተው ሲገቡ ባሎቻቸው ምን መለሱላቸው? ይህን የሚጽፍ ደራሲ ቢገኝ፣ ፍጻሜውን ብናውቀውም እንኳ ሌሊቱን ሳንተኛ እናነብለት ነበር።

ወደ ጉዲፈቻ እንመለስ። በእንዲህ ያሉ ልብ ወለዶች ውስጥ ጉዲፈቻ ከሁለት አገልግሎት ለአንዱ ይውላል። ወይ ብዙ የተሠቃየችው ባለታሪክ በመጨረሻው ገጽ ላይ እንደ ሽልማት የምትቀበለው ሕፃን ነው፤ ወይ ደግሞ የሚያስፈራ የደም ምሥጢር ነው። በሁለቱም ሕፃኑ ዕቃ እንጂ ሰው አይደለም። እኛ ግን ከዚህ የተሻለ ትምህርት ያለን ሕዝብ ነን። ሙሴን ከዓባይ ወንዝ አውጥታ ያሳደገችውን የፈርዖንን ልጅ፣ በሰሎሞንም ችሎት የቀረቡትን ሁለት ሴቶች የማያውቅ የለም። ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ራሱ ከኦሮምኛ መጥቶ ወደ አማርኛ የሕግ ቋንቋ የገባ ነው፤ በኦሮሞ ባህልም የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደው ልጅ እኩል ማዕረግና መብት አለው። ይህን ሁሉ አስቦ የማደጎን ልጅ እንደ መጽናኛ ዕቃ ወይም እንደ ማስፈራሪያ ማቅረብ የአእምሮ ድህነት ነው።

«ታዲያ በጉዲፈቻና በመካንነት ሕክምና ወንጀል አይፈጸምምን? ደራሲው ማስጠንቀቁ ምን ነውር አለው?» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ወንጀልማ ይፈጸማል፤ እኛም የምንቈጣው ስለሚፈጸም ነው። በአሜሪካ በቴነሲ ግዛት ጆርጂያ ታን የተባለች ሴት ከ1924 እስከ 1950 ድረስ በሜምፊስ ከተማ የሕፃናት ድርጅት ስትመራ፣ የድሆችን ልጆች ከወላጆቻቸው እየነጠቀች ለባለጠጎች ትሸጥ ነበር። ይህንም ያደረገችው በስውር ዋሻ ውስጥ አልነበረም፤ በከተማዋ የተከበረች ሴት ሆና፣ የችሎት ዳኛ እየረዳቻት፣ በቢሮ ሰዓት ነበር። በቨርጂኒያ ግዛትም አንድ የመካንነት ሐኪም ከማይታወቅ ለጋሽ ነው እያለ የገዛ ዘሩን ለሕመምተኞቹ ሲሰጥ ኖሮ በ1992 ተፈርዶበታል። የደቡብ ኮርያ የእውነት አጣሪ ኮሚሽን ደግሞ በ2025 እንዳረጋገጠው፣ ወላጆቻቸው የሚታወቁ ሕፃናት ወላጅ አልባ ተብለው እየተመዘገቡ ወደ ውጭ አገር ተልከዋል። በእኛም አገር ለውጭ ዜጋ የሚሰጥ ጉዲፈቻ በ2018 በሕግ እስኪከለከል ድረስ፣ በሕይወት ያሉ ወላጆች እንደ ሞቱ ተደርገው የተጻፉባቸው ወረቀቶች መገኘታቸው፣ ጉዲፈቻውንም እንደ አገራቸው ልማድ ልጃቸው የሚመለስበት አድርገው የተረዱ እናቶች መታለላቸው የታወቀ ነው።

ከአንባብያን መካከል ብዙዎቻችን በየመሥሪያ ቤቱ ወረቀት የምንመረምርና ማኅተም የምናሳርፍ ነን። ስለዚህ ነገሩ በቀጥታ ይመለከተናል። እውነተኛው ወንጀል የተፈጸመው በእኩለ ሌሊት በጨለማ ኮሪደር ውስጥ ሳይሆን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሦስት ቅጂ፣ በቍጥርና በቀን ነው። የፈጸሙትም ሁሉ ጭራቆች አልነበሩም፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ ከበላይ የመጣላቸውን ሳያነቡ የፈረሙ፣ ሕፃኑ የተሻለ ኑሮ ያገኛል ብለው ራሳቸውን ያሳመኑ ሰዎች ነበሩ። መርፌ የያዘውን ጭራቅ ብቻ የሚያሳየን ልብ ወለድ ታዲያ ምን ያደርግልናል? አያስጠነቅቀንም፤ ያጽናናናል እንጂ። «እኔ እንዲህ ያለ ሰው አይደለሁምና ንጹሕ ነኝ» ብለን መጽሐፉን ዘግተን እንድንተኛ ያደርገናል። የሚያስፈራ መስሎ የሚያስተኛ መጽሐፍ ከሁሉ የከፋ መጽሐፍ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «መዝናኛ ነው፤ ለምን ታከብዱታላችሁ?» የሚል ነው። እኛ የመዝናኛ ጠላቶች አይደለንም። ማሞ ውድነህ ወደ አማርኛ እየመለሱ ያቀረቧቸው የስለላ ታሪኮች ስንቱን ወጣት ከመጽሐፍ ጋራ እንዳፋቀሩት አንዘነጋም። ነገር ግን የስለላ ታሪክ ቢያንስ የሚያጫውተን በሰላዮች ነው። ይህኛው የሚያጫውተን በጎረቤታችን ኀዘን ነው። በሌላው ሰው ኀዘን የሚነግድ ሰው ቢያንስ ኀዘኑን በሚገባ ሊያውቀው ይገባል። መዝናኛም ቢሆን የሚያዝናናው አንባቢው ሳይጠብቀው ሲመጣ ነው፤ ሦስት ጊዜ የሰማነውን ቀልድ አራተኛ ጊዜ የሚነግረንን ሰው በይሉኝታ እንስቅለት ይሆናል እንጂ አንደሰትበትም።

የሚቻል መሆኑንም ለማሳየት አንድ ምሳሌ እንጨምር። እስፓኛዊው ፌዴሪኮ ጋርሲያ ሎርካ በ1934 ለመድረክ ያቀረበው «የርማ» የተባለው ተውኔት ልጅ ያልወለደች የገጠር ሴት ታሪክ ነው። በውስጡ የሚደበቅ ምሥጢር የለም፤ ክፉ ሐኪምም የለም። ያለው ባል ነው፤ እርሻውንና በጎቹን የሚወድ፣ ለስሙ የሚጨነቅ፣ ልጅ ባይኖር ግድ የሌለው ተራ ባል። ያለችው ሚስት ናት፤ ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ ተስፋዋ ወደ ቍጣ የሚለወጥ ሚስት። በመጨረሻም በገዛ እጇ ባሏን ታንቃለች። ተመልካቹ ምንም ስውር ነገር ሳይጠብቅ እስትንፋሱን ይዞ ይቈያል፤ ምክንያቱም የሰው ልብ ከማንኛውም ክሊኒክ የጠለቀ የምሥጢር ቤት ነው።

እንግዲህ የምንጠይቀው ግልጽ ነው። የውጭ ልብ ወለድ ወደ አማርኛ የሚመልሱ ሰዎች፣ የተሸጠበትን ቍጥር ሳይሆን የያዘውን ነገር መዝነው ይምረጡ፤ ድካማቸው ታላቅ ነውና በከንቱ እንዳይፈስስ። የእኛ ደራስያንም ይህን ፈለግ ለመከተል ከመቸኰላቸው በፊት ወደ ሕይወት ይመልከቱ። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከማሕፀን ውጭ የሚደረገው የጽንስ ሕክምና በ2019 በመንግሥት ተቋም ተጀምሯል። ከሩቅ ገጠር በሬውን ሸጦ ሚስቱን ይዞ የመጣ ገበሬ፣ ለመመርመር እምቢ ያለ ነጋዴ፣ የማደጎ ልጇን «ማን ወለደሽ?» ከሚሉ ጎረቤቶች የምትጠብቅ እናት፣ ይህ ሁሉ ታሪክ ጸሓፊ አጥቶ ተቀምጧል። መምህራንም ተማሪዎቻቸው «ማን ሠራው?» የሚለውን ጥያቄ ብቻ ሳይሆን «ከታወቀ በኋላ ምን ቀረ?» የሚለውንም ለእያንዳንዱ መጽሐፍ እንዲያቀርቡለት ያስለምዷቸው። ተማሪዎችም ይህን ጥያቄ የማይመልስ መጽሐፍ ሲያጋጥማቸው በግማሽ መንገድ ትተውት ቢነሡ አይፈሩ።

ልጅ ማጣት ያለ ማንም ጥፋት የሚደርስ ኀዘን ሊሆን ይችላል፤ የሰው ልጅ ማሳደግም ያለ ማንም ሽልማት የሚፈጸም ሥራ ነው። እነዚህን ሁለቱን ሳይረዳ በሁለቱ ላይ የሚጽፍ ደራሲ ምንም ያህል ገዳይ ቢያሰልፍ፣ ምንም ያህል ባሕር ቢያሻግረን፣ ውሉን አላከበረም። ውሉን ያላከበረውም ደራሲ የሚቀጥለውን መጽሐፉን ይዞ በመጣ ጊዜ፣ የአንባቢውን ገንዘብና የማታ ዕረፍት በድጋሚ የመጠየቅ መብት የለውም።